ከላስ ቬጋስ የተላከው ማለስለሻ ድሬ ላይ ሲገጠም

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ማንቆርቆሪያና ቦይለር ውስጥ ስለሚጋገረው ነጭ ቅርፊት። የመጀመሪያው ጠያቂ የውሃ ማለስለሻው ገና በካርቶን ውስጥ ስለሆነ ለእሱ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ቤታችን ውስጥ ስድስት ነን። ቦይለራችን በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። ሲከፈት ውስጡ ነጭ ድንጋይ ሞልቶታል። ላስ ቬጋስ ያለችው እህቴ እሷ ቤት ያለውን ዓይነት የውሃ ማለስለሻ በሰው ላከችልኝ። ረጅም ታንክ አለው፣ የጨው በርሜል አለው፣ ራሱ ላይ ሰዓት አለው። 32,000 የሚል ተጽፎበታል። እሷ «ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ በግማሽ ቀን ነው የገጠመው፣ ቀላል ነው» ትላለች። ቧንቧ መቁረጥና ፒፒአር (በሙቀት የሚያያዘውን የፕላስቲክ ቧንቧ) መበየድ እችላለሁ። ራሴ ልግጠመው ወይስ ሰው ልጥራ? ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ነው። የምንጠቀመው ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ራስህ ግጠመው። ፒፒአር የሚበይድ እጅ ካለህ ሥራው ከአቅምህ በላይ አይደለም። የእህትህ ባለቤት በግማሽ ቀን ጨረሰው የተባልከውም እውነት ነው። ግን ቤታቸውን አስብ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ብዙ አዳዲስ ቤቶች ሲሠሩ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ለማለስለሻ የሚሆን መግቢያና መውጫ ቧንቧ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ግፊቱ ቀንም ሌሊትም አለ። መብራት አለ። የፍሳሽ መቀበያው እዚያው ነው። ጨው በከረጢት ከሱቅ ይገዛል። እሱ የገጠመው ዕቃውን ብቻ ነው። አንተ ከዕቃው በፊት ግፊቱን፣ መብራቱን፣ ፍሳሹንና ጨውን ማዘጋጀት አለብህ። እዚህ ድሬ «ማለስለሻው ተበላሸ» ተብዬ ሄጄ ካየኋቸው አብዛኞቹ ዕቃቸው ደህና ነበር። ያጡት ግፊት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የውሃህን ጥንካሬ ለካ።

የእኛ ውሃ ከየት ጠነከረ? ድሬን የከበበው ተራራ የኖራ ድንጋይ ሞልቶበታል። የአገራችን የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዝናቡ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል። ያ ውሃ ኖራውን እያሟሟ ይወርዳል። ከጉድጓድ ስንስበው ካልሲየምና ማግኒዚየም ተሸክሞ ይመጣል፤ ጠንካራ ውሃ የሚባለው ይኸው ነው። ሲሞቅ ደግሞ ጋዙ ይወጣና ኖራው ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ከቀዝቃዛው ቧንቧ ይልቅ ቦይለሩ ይጎዳል።

አባቴ የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበር፣ ሽመንደፈር። ቤታችን ውስጥ የሻይ ማንቆርቆሪያውን በሎሚ ቀቅሎ የሚያጸዳው እሱ ነበር። ያ ቅርፊት ሙቀት አያሳልፍም ይለን ነበር። እሳቱ ውሃው ጋ አልደርስ ሲል ብረቱን ያቃጥላል። ያንተ ቦይለር ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ማሞቂያው ብረት ድንጋይ ለብሶ ሙቀቱን ማውጣት አቃተውና ተቃጠለ።

ለመለካት የጠብታ መለኪያ የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። ውሃውን በብልቃጥ ትይዛለህ፣ ጠብታ ትጨምራለህ፣ ከቀይ ወደ ሰማያዊ እስኪለወጥ ትቆጥራለህ። እህትህ ሌላ ሰው ስታገኝ እሱንም ትላክልህ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ክብደት የለውም። እስከዚያ ድረስ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰድ። አንዱ ላይ የዝናብ ውሃ፣ ሌላው ላይ የቧንቧህን ውሃ ግማሽ ድረስ ሙላ። ደረቅ የልብስ ሳሙና ፍቀህ ለሁለቱም እኩል ጨምርና ነቅንቅ። ፈሳሽ ሳሙና አይሆንም፣ እሱ በጠንካራ ውሃም አረፋ ያወጣል። የዝናቡ ጠርሙስ በአረፋ ይሞላል። የቧንቧው ደፍርሶ ወተት የነካው ይመስላል። ሁለቱንም ጠርሙሶች አትድፋቸው፣ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

በሊትር ከ180 ሚሊ ግራም ኖራ ያለፈ «በጣም ጠንካራ» ይባላል። የላስ ቬጋስ ውሃ በአብዛኛው ከኮሎራዶ ወንዝ የሚመጣ ነው፤ ወደ 280 አካባቢ ነው። እኔ ቤት ከዚራ ስለካው 420 ነው ያገኘሁት። አንተ ጋ ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ለሒሳቡ ግን የእኔን 420 ልውሰድ።

ማለስለሻው የሚሠራው እንዲህ ነው። ረጅሙ ታንክ ውስጥ ሬዚን የሚባሉ ጥቃቅን ዶቃዎች አሉ። ዶቃዎቹ ሶዲየም ይዘዋል። ውሃው ሲያልፍ ካልሲየሙን ይይዙና ሶዲየሙን ይለቃሉ። ሶዲየማቸው ሲያልቅ ከጨው በርሜሉ ብሬን ማለትም የጨው ውሃ ይሳብና ያጥባቸዋል። ካልሲየሙ በፍሳሽ ይወጣል፣ ዶቃዎቹ እንደገና ሶዲየም ይሞላሉ። ዕቃው ላይ ያለው ሰዓት የዚህ እጥበት ሰዓት ነው።

32,000 የሚለው ግሬን በሚባል የአሜሪካ መለኪያ ነው። ብዙ ጨው ከተጠቀምክ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። ለእያንዳንዱ እጥበት 3 ኪሎ የማትሞላ ጨው ከሰጠኸው ወደ 20,000 ይሠራል፤ ጨው የሚቆጥበውም እዚያ ላይ ነው። ያ ማለት 1.3 ኪሎ ኖራ ይይዛል። ስድስት ሰው በቀን 70፣ 70 ሊትር ቢጠቀም 420 ሊትር ነው። በ420 ሚሊ ግራም ሲባዛ በቀን 176 ግራም ኖራ ይሆናል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ይታጠባል። ለወር 12 ወይም 13 ኪሎ ጨው በቃህ።

ጨው ችግር አይሆንብህም። የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። አንድ እጥበት ከ150 እስከ 200 ሊትር ወደ ፍሳሽ ይለቃል። በጀሪካን ቁጠረው፤ ከስምንት እስከ አሥር ጀሪካን። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚመጣለት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ሙሉውን ቤት አታለስልስ። ሽንት ቤቱ፣ የግቢው ቧንቧ፣ የወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳሉ ይቆዩ። ማለስለሻውን ወደ ቦይለሩ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑና ወደ ሻወሩ በሚሄደው መስመር ላይ ብቻ አድርገው። ፍጆታው ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ እጥበቱም በየሁለት ሳምንቱ ይሆናል። እህትህ ይህ አያስፈልጋት ይሆናል። አንተን ግን ከብዙ ጣጣ ያድንሃል።

አሁን ወደ ግፊቱ። ውሃ 10 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን 1 ባር ግፊት ይሰጣል። ሮቶህ ከሻወሩ 3 ሜትር ቢበልጥ ያለህ 0.3 ባር ነው። እንዲህ ያለ ማለስለሻ ቢያንስ 1.5 ባር ገደማ ይፈልጋል። ብሬኑን ከበርሜሉ የሚስበው ሞተር አይደለም። ውሃው ራሱ በጠባብ ቀዳዳ እየሮጠ ነው የሚስበው። ግፊት ከሌለ አይስብም። ሰዓቱ ይዞራል፣ ውሃ ይፈሳል፣ ጨዉ ግን በርሜሉ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ሰዎች «ጨው አይቀንስም፣ ጥሩ ዕቃ ነው» ሲሉኝ ያዝናል ልቤ። ጨው የማይቀንስ ማለስለሻ ሥራ አቁሟል ማለት ነው።

መፍትሔው ከሮቶው በኋላ አውቶማቲክ ፓምፕ ማስገባት ነው። ቧንቧ ሲከፈት ራሱ የሚነሳ፣ ሲዘጋ የሚቆም፣ ከ2 እስከ 3 ባር የሚሰጥ። ቅደም ተከተሉ ሮቶ፣ ፓምፕ፣ አሸዋና ጭቃ የሚይዝ ማጣሪያ፣ ማለስለሻ፣ ከዚያ ቦይለር ነው። ከመንገድ በሚመጣው መስመር ላይ ከሮቶ በፊት የገጠሙ አይቻለሁ። ውሃው በሚመጣበት ቀን አየርና ጭቃ ቀድሞ ይመጣል፣ ዶቃዎቹንም ይደፍናቸዋል። በማይመጣበት ቀን ደግሞ ዕቃው ባዶ አየር ያጥባል። ማጣሪያውን አትዝለል። ብዙ ገንዘብ አይደለም።

መብራቱን በተመለከተ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካውን አዳፕተር ገልብጠህ አንብብ። 120 ቮልት ብቻ ከሆነ የሚለው እኛ 220 ላይ ስትሰካው ወዲያው ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 ካለ ችግር የለም። ካልሆነ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትንሽ ትራንስፎርመር ግዛ፤ ወይም መውጫ ቮልቴጁ አንድ የሆነ ሌላ አዳፕተር ፈልግ። ኤሲ ይሁን ዲሲ አመሳክር። ሰዓቱ እንደ ድሮው የሚሽከረከር የፕላስቲክ ክብ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ሞተሩ የተሠራው በሴኮንድ 60 ጊዜ ለሚመላለስ መብራት (60 ኸርዝ) ነው። የእኛ 50 ነው። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል፣ አንድ ቀኑ ወደ 29 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ትራንስፎርመሩ ይህን አያስተካክልም። እንዲህ ያለው ከደረሰህ እጥበቱን በእጅህ ብታስነሳው ይሻላል።

ሰዓቱን ስትሞላ ደግሞ ተጠንቀቅ። ፋብሪካው እጥበቱን 2:00 ላይ ያደርገዋል፤ የፈረንጅ ሌሊት ነው፣ በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት። አንዲት ደንበኛዬ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዕቃውን ስታስነሳ በኛ አቆጣጠር 2:00 ብላ ሞላችው። በየጊዜው ልጆቿ ለትምህርት ቤት ሲታጠቡ እጥበት ይጀምራል። አንተ የፈረንጁን ሰዓት ሙላና እጥበቱን 10:00 ላይ አድርገው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። ሌሊቱን የማልመርጥበት ምክንያት አለኝ። እጥበት መሃል መብራት ቢሄድ የማለስለሻው ራስ እንደተከፈተ ይቆማል። ፓምፑ ቆመ ብለህ ትተኛለህ። የሮቶው ውሃ ግን ከላይ በራሱ ክብደት በፍሳሹ ይወርዳል። አንድ ቤተሰብ በዚህ 1,000 ሊትር አጥቶ ሲያነጋ አይቻለሁ፤ ውሃ የሚመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት ከሆነ መብራት ሲሄድ ማለፊያ ቫልቩን (ውሃውን ዕቃው ውስጥ ሳይገባ የሚያሳልፈውን) አዙሮ ያቆመዋል።

ቦታው ጥላ ይሁን። የድሬን ፀሐይ አንተው ታውቀዋለህ። ጣሪያ ላይ የተቀመጠ የፕላስቲክ ታንክ ይሰነጠቃል። ፒፒአሩም ፀሐይ አይወድም። ወለሉ ደልዳላ ይሁን፣ ታንኩ ውሃ ሲሞላ ከባድ ነው።

እንግዲህ ወደ መግጠሙ። ፓምፑንና ቦይለሩን ከመብራት ንቀል። ቦይለር ባዶውን ከተነሳ ይቃጠላል፣ ይህን ደጋግሜ እላለሁ። የሮቶውን ቫልቭ ዝጋ፣ ዝቅ ያለውን ቧንቧ ከፍተህ መስመሩን አፍስስ። ከዚያ የማለስለሻውን ራስ ተመልከት። ሁለት ቀስት አለበት፤ መግቢያና መውጫ። ፊት ለፊት ቆመህ ስታየው በብዙዎቹ ላይ መግቢያው ካሰብከው በተቃራኒ ጎን ነው። እኔ የመጀመሪያዬን ስገጥም ገልብጬ ነው የገጠምኩት። ውሃው ከታች ገብቶ ዶቃዎቹን ወደ ላይ አነሳቸው። ቢጫ ዶቃ በሻወር፣ በሲንክ፣ በልብስ ማጠቢያው ወጣ። የሰው ቤት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ቧንቧቸውን ሳጥብ ሰነበትኩ። ቀስቱን በማርከር አድምቅልኝ።

ሁለተኛው ጣጣ የመጋጠሚያው ጥርስ ነው። ከአሜሪካ የመጣው ኤንፒቲ የሚባል ጥርስ አለው፤ እኛ ገበያ ያለው ቢኤስፒ ነው። 3/4 ኢንች ላይ ሁለቱም በኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው ሲጀምር ደስ ብሎት ይገባል። የጥርሱ ማዕዘን ግን ይለያያል፣ ውሃ ሲለቀቅ ያንጠባጥባል። 1 ኢንች ላይ ጭራሽ አይገጥሙም። በጉልበት አታጥብቀው፣ የፕላስቲኩ ራስ ይሰነጠቃል። ወይ እህትህ ሁለቱን የሚያገናኝ አዳፕተር ትላክ፣ ወይ ጠፍጣፋ ጎማ ባለው ተጣጣፊ ሆዝ አገናኘው። እኔ ሆዙን እመርጣለሁ። ፓምፑ ሲነሳ ያለውንም ንዝረት ይቀበላል።

ፒፒአሩን ስትበይድ ከዕቃው ርቀህ በይድ። የብየዳው ማሽን 260 ዲግሪ ነው። ጥርስ ያለውን መጋጠሚያ ለብቻው በይደህ፣ አቀዝቅዘህ፣ ቴፍሎን ጠምጥመህ ከዚያ እሰረው። ከዕቃው ጋር ማለፊያ ቫልቭ ካልመጣ ሦስት ቫልቭ ግዛ፤ አንድ መግቢያው ላይ፣ አንድ መውጫው ላይ፣ አንድ ሁለቱን በሚያገናኘው መሃል ላይ። ዕቃው ሲበላሽ ቤቱ ውሃ እንዳያጣ ነው።

ቤታችሁ የድሮ የብረት ቧንቧ ካለው አንድ ነገር አረጋግጥ። በአንዳንድ አሮጌ ቤቶች ኤሌክትሪክ ሠሪዎች የምድር ሽቦውን በውሃ ቧንቧው ላይ ያስሩታል። አንተ መሃል ላይ ቆርጠህ ፕላስቲክ ስታስገባ ያ የምድር መስመር ይቋረጣል። ከዚያ ቦይለሩ አንድ ቀን መብራት ቢያፈስ ሻወር ውስጥ ያለ ሰው ነው የሚመታው። ይህንን ብቻ ራስህ አትገምት። ኤሌክትሪክ ሠሪ ጠርተህ አሳየው።

የፍሳሽ ሆዙን ወደ ፍሳሽ ስትወስደው ጫፉ ውሃው ውስጥ አይጠመቅ። አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ከላይ ይንጠልጠል፤ አለበለዚያ ግፊት ሲገለበጥ ቆሻሻውን መልሶ ይስባል። ወደ አትክልት አትልቀቀው። ጨው ነው። ፓፓያህን ያደርቅብሃል። ከጨው በርሜሉ ጎን ያለችውን ትንሽ ቀዳዳም ሆዝ አድርግላት፣ በርሜሉ ቢሞላ በእሷ ነው የሚያፈሰው።

ጨዉ ሸካራና ንጹሕ ይሁን። ከአፍዴራ የሚመጣው ሸካራው ጨው ይሆናል፤ አፈርና አሸዋ ካለው ግን አይሆንም፣ የሚስበውን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍነዋል። ለወጥ የሚሆነው ደቃቁ ጨው በአንድ በኩል ይጋገራል። ከላይ ድልድይ ሠርቶ ከታች ባዶ ይሆናል፤ አንተ ሙሉ ነው ብለህ ትቀመጣለህ። በወር አንዴ በእንጨት ወጋ ወጋ አድርገው።

ስትጀምር በርሜሉ ላይ 10 ሊትር ያህል ውሃ ጨምር፣ ጨዉን ሁለት ሦስተኛ ድረስ ሙላ። የመግቢያ ቫልቩን ሩብ ያህል ብቻ ክፈት፤ አየሩ ቀስ ብሎ ይውጣ። በአንዴ ከከፈትከው ዶቃዎቹ ተነስተው የማለስለሻው ራስ ላይ ይለጠፋሉ። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ሻይ ቢመስል አትደንግጥ፣ አዲስ ሬዚን እንዲያ ነው፣ እስኪጠራ አፍስሰው። ከዚያ ጥንካሬውን ሙላ። ዕቃው በግሬን ስለሚጠይቅህ ያገኘኸውን ሚሊ ግራም ለ17.1 አካፍል። 420 ከሆነ 25 ትሞላለህ። አንድ እጥበት በእጅህ አስነሳና አጠገቡ ቁጭ ብለህ ተከታተለው። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ሲቀንስ ካየህ ስቧል ማለት ነው። ሲያልቅ እነዚያን የሳሙና ጠርሙሶች አውጣ። ከሻወሩ ውሃ በሦስተኛ ጠርሙስ ቀድተህ፣ ያንኑ ያህል ሳሙና ጨምረህ ነቅንቅና አወዳድር። እንደ ዝናቡ አረፋ ካወጣ ሥራህ ሠርቷል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሻወሩ ራስ በቅርፊት ሊደፈን ይችላል። ለስላሳው ውሃ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ያለውን አሮጌ ኖራ ስለሚያነቃንቀው ነው። ፈተህ አራግፈው። ገላህን ስትታጠብም ሳሙናው ያልወጣልህ ይመስልሃል፤ ወጥቷል። እኛ ድሬዎች የለመድነው ያ የሚያንቋቋ ቆዳ የኖራና የሳሙና ቅሪት ነበር።

ጥያቄ፦ ለእትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የልጄ ቤት ማለስለሻ ከተገጠመ ወዲህ ልብስ ታጥቦ ሲደርቅ ግትር አይልብኝም፣ ሻዩም ጥሩ ነው። ባለቤቴ ግን የደም ግፊት አለባቸው። ውሃው ጨው አለው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነት ነው? ደግሞ በፊት ሽምብራና ባቄላ አልበስል ይለኝ ነበር፤ እሱስ ከውሃው ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱም እውነት ነው። በለሰለሰ ውሃ ውስጥ ያለው የገበታ ጨው አይደለም፣ ሶዲየሙ ግን አለ። ለእያንዳንዱ 100 ሚሊ ግራም ጥንካሬ 46 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይተካል። ውሃዎ እንደ እኔ 420 ከሆነ በሊትር 190 ገደማ ይሆናል። ባለቤትዎ በቀን ሁለት ሊትር ቢጠጡ ወደ 390 ሚሊ ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ሶዲየም በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች ነው፤ ስለዚህ ከድርሻቸው አንድ አምስተኛ ገደማ ወጥ ሳይቀመስ በውሃ አለቀ ማለት ነው። እሳቸው ከማለስለሻው በፊት ካለው ቧንቧ ይጠጡ። ጠንካራ ውሃ መጠጣት ጉዳት የለውም። ሐኪማቸውም ማለስለሻ መግባቱን ይወቅ። የሕፃን ወተት የምትበጠብጡ ከሆነም እንደዚሁ ካልለሰለሰው ውሃ አፍልታችሁ ይሁን። ልጅዎን ወጥ ቤቱ ላይ አንድ ያልለሰለሰ ቀዝቃዛ ቧንቧ እንዲለዩልዎ ይንገሯቸው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሽምብራው ነገር ካልሲየሙ ነው። የጥራጥሬውን ልጣጭና ሥጋ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ቢቀቅሉት ቢቀቅሉት አይፈርስም። ውሃውን ለብቻው በደንብ ያፍሉት፤ ያቀዝቅዙት፤ ነጩ ነገር ታች ሲቀመጥ ከላይ ያለውን ቀስ ብለው ይቅዱ። በእሱ ይዘፍዝፉ፣ በእሱ ይቀቅሉ። ከሰል ይቆጥብልዎታል። ይህ መላ የሚሠራው ኖራው ሲፈላ በሚወርድበት ውሃ ላይ ነው፤ የድሬ በአብዛኛው እንደዚያ ነው። መቐለ ያላችሁ አንባቢዎች ግን ድንጋያችሁ ውስጥ ጂፕሰም ስላለ ጥንካሬው በማፍላት ሁሉም አይወርድም።

ማንቆርቆሪያውን በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ሲያጸዱ በረኪና በአጠገቡ አይድረስ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ተከራይ ነኝ። ቧንቧ መቁረጥ አልችልም። አንድ ሱቅ ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት «ውሃ ያለሰልሳል» ብሎ አሳየኝ፣ ሌላው ሲንክ ሥር የሚገባ ባለ ሦስት ደረጃ ፊልተር። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ሁለቱንም አትግዢ። ማግኔቱ ካልሲየሙን ከውሃው አያወጣም። ከመግጠምሽ በፊትና በኋላ በጠብታ ብትለኪው ቁጥሩ ያው ነው። ጨርቅና ከሰል ያለው ባለ ሦስት ደረጃ ፊልተር ደለል፣ ሽታና ክሎሪን ይቀንሳል፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ለጥንካሬ ግን አይደለም።

ይልቅ ሠፈርሽ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቂ። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው የዝናብና የወንዝ ውሃ ስለሆነ ለስላሳ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ከዚያ ይጠነክራል። ለድሬው ወንድሜ የነገርኩትን የሳሙና ጠርሙስ ሞክሪ። አረፋ ካለ ምንም አያስፈልግሽም። ከሌለና ማንቆርቆሪያሽ ነጭ ከያዘ፣ በወር አንዴ ሁለት ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ በአንድ ሊትር ውሃ አፍልተሽ ግማሽ ሰዓት አቆይተሽ ድፊው። የሻወሩን ራስ ፈተሽ በዚያው ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው። ቦይለሩ የአከራይሽ ከሆነ በዓመት አንዴ ተከፍቶ እንዲጸዳ አሁኑኑ ተነጋገሩ፤ ከተቃጠለ በኋላ ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ነው የሚከብደው።